በመርካቶ የጭቃ ቤቶች የውስጥ ግድግዳ ልስንና የኮርኒስ አሠራር

የአንድ ሕዝብ የቤት አሠራር በሚመረመርበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠናው የቤቱ ቅርጽ፥ ጣራውና ምሰሶው ነው። የግድግዳው የውስጥ ገጽ ግን እንደ ተራ ነገር ተቆጥሮ ይታለፋል። ነገር ግን ነዋሪው ከማለዳ እስከ ማታ የሚያየው፥ በእጁ የሚዳስሰው፥ በዓል በመጣ ቁጥርም የሚያድሰው ይህንኑ ገጽ ነው። በአዲስ አበባ በመርካቶ ሰፈር የሚገኙት የጭቃ ቤቶች እንደሚያስረዱት፥ የውስጥ ገጽ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ጌጥ አይደለም፤ ቤቱ የራሱ ላልሆነ ሰው እንኳ በራሱ ፈቃድ ሊያዝበት የሚችለው የቤቱ ክፍል ነው።

የሰፈሩ አመሠራረት

መርካቶ የሚለው ቃል ጣሊያንኛ ሲሆን ትርጓሜው ገበያ ማለት ነው። ከጠላት ወረራ በፊት የከተማው ዋና ገበያ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ። ኢጣሊያ አገሪቱን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዘችበት ጊዜ፥ ኢኛሲዮ ጉዊዲና ቼዛሬ ቫሌ የተባሉት አርክቴክቶች ያወጡት ፕላን አውሮፓውያንንና የአገሩን ተወላጆች በሰፈር የሚለያይ ስለ ነበረ፥ የአገሬው ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛወረ። የአዲስ ከተማ መንገዶች ቀጥ ብለው እርስ በርሳቸው የሚቋረጡትም ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ መንገዱ በውጭ አገር ሰዎች ፕላን ቢቀየስም፥ አብዛኛው ቤት የተሠራው በአገሩ ልማድ በባሕር ዛፍ እንጨት፥ በጭቃና በጭድ ሆኖ፥ ጣራው ብቻ ቆርቆሮ ነው። ጭድ ተራ የተባለው የመርካቶ ክፍል በስሙ ይህን ዕቃ ያስታውሳል።

ምርጊትና ልስን

የጭቃ ግድግዳ ሥራ በሦስት ይከፈላል። መጀመሪያ ቋሚ እንጨቶች ተተክለው በማገር ይያያዛሉ፤ ማያያዣው ቀድሞ ልጥ ሲሆን በከተማ ሚስማር ተተክቶበታል። ሁለተኛው ምርጊት፥ ሦስተኛው ልስን ነው።

ለምርጊት የሚመረጠው ቀይ አፈር ነው፤ መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ሲደርቅ እጅግ ይሰነጠቃልና። አፈሩ ከጤፍ ጭድ ጋር በውሃ ይቦካል፤ በእግር ይረገጣል፤ ከዚያም ውሃ እየተጨመረበትና እንደገና እየተረገጠ ለጥቂት ቀናት እንዲብላላ ይተዋል። ይህ መቆየት በከንቱ የሚባክን ጊዜ አይደለም። መበስበስ የጀመረው ጭድ ጭቃውን የሚያጣብቅ ሙጫ መሰል ነገር ይሰጠዋል፤ ሳይበሰብስ የቀረው ደግሞ እንደ ክር ሆኖ ጭቃው በሚደርቅበት ጊዜ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። ሲደርስ በእጅ እየተጨበጠ በእንጨቶቹ መካከል ይጠቀጠቃል። የጣቶቹ ፈለግ በምርጊቱ ላይ ይቀራል፤ ይህም ሻካራነት የሚመጣውን ልስን አጥብቆ የሚይዝ ነው።

ልስን የሚሠራው ምርጊቱ ደርቆ ስንጥቁ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው። አፈሩ ይነፋል፤ ጭዱ ይደቅቃል፤ አንዳንድ ጊዜም እበት ይጨመርበታል። በደጋው ገጠር ቤት ማቆም የወንዶች፥ ግድግዳ በእበት መለሰን ግን ብዙውን ጊዜ የሴቶች ሥራ ነው። ለሳኟ እርጥብ መዳፏን በግማሽ ክብ እያዞረች ስለምታሽ፥ በግድግዳው ላይ የተደራረቡ ቅስቶች ይቀራሉ፤ በመካከላቸውም የጭዱ ስባሪ እንደ ወርቅ ቅንጣት ያብለጨልጫል። በምሥራቅ እንግሊዝ አገር ባለሙያዎች በኖራ ልስን ላይ አበባና ሐረግ እያወጡ የቤት ግድግዳ ያስጌጣሉ። በዚያ ጌጡ ታስቦ የሚጨመር ነው፤ በዚህ ግን ጌጡ የሥራው ፈለግ ራሱ ነው። በላዩም ኖራ ይቀባል። ኖራ ሲደርቅ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ተመልሶ ድንጋይ ስለሚሆን፥ ገጹን ከማንጣቱም በላይ ያጠነክረዋል።

ኮርኒስ

ኮርኒስ የሚለውም ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። በመጀመሪያው ቋንቋ የሚያመለክተው በግድግዳ ራስ ላይ የሚወጣውን የጌጥ ጠርዝ ሲሆን፥ በአማርኛ ግን ከጣራ በታች ያለውን ሽፋን በሙሉ የሚያመለክት ሆኗል። የሣር ክዳን ጎጆ ጢሱ በሣሩ ውስጥ ስለሚወጣ ኮርኒስ አያስፈልገውም። ቆርቆሮ ግን ቀን ያግላል፤ ሌሊት ያቀዘቅዛል፤ ዝናብ ሲዘንብም ንግግር አያሰማም። ስለዚህ አቡጀዲ ወይም የተሰፋ ጆንያ፥ በኋላም የማዳበሪያ ከረጢት፥ በቀጫጭን እንጨቶች ላይ ተወጥሮ በሚስማር ይመታል፤ ኖራም ይቀባል። በደጋው አብያተ ክርስቲያናትም ሥዕል የሚሣልበት የጥጥ ጨርቅ በጭቃ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። አንዱ ከሌላው ተወስዷል ባይባልም፥ ሻካራውን ገጽ በጨርቅ አለስልሶ ለቀለም ማዘጋጀት በሁለቱም ዘንድ አንድ ዘዴ ነው።

የባለቤትነት ለውጥና የግድግዳው ገጽ

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትም ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ እጅግ ዝቅተኛ ስለ ነበረ ለእድሳት የሚተርፍ ገንዘብ ጥቂት ነበር፤ ተከራዩም ቤቱን ለመለወጥ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። እንግዲህ ውጫዊው ግድግዳ ዝናብ እያጠበው ሲያረጅ፥ የነዋሪው ትጋት ወደ ውስጥ ዞረ። ኖራ ቀባ፤ ላስቲክ ወጠረ፤ በዱቄት ሙጫም ጋዜጣ ለጠፈ።

ይህ ጋዜጣ ለተመራማሪው ታላቅ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም ቀን አለው። ግድግዳው ሲላጥ አንዱ እድሳት በሌላው ላይ ተደራርቦ ይገኛል። ይሁን እንጂ አሮጌ ጋዜጣ ከታተመ ከብዙ ዓመት በኋላም ሊለጠፍ ስለሚችል፥ ቀኑ የሚያስረዳው እድሳቱ ከዚያ በፊት እንዳልተደረገ ብቻ ነው።

አንዳንዶች ግድግዳቸውን ለማጠንከር በጭቃው ላይ ሲሚንቶ ይለስናሉ። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይጨማተራል፤ ሲሚንቶ ግን ግትር ነው። ስለዚህ በመካከላቸው ክፍተት ይፈጠርና ልስኑ በገበታ በገበታ ይረግፋል። አዲሱ ነገር የተሸነፈው አሮጌው ደካማ ስለ ሆነ ሳይሆን፥ ሁለቱ በአንድነት ስለማይንቀሳቀሱ ነው።

ዛሬ በመርካቶ የጭቃ ቤቶች እየፈረሱ ፎቆች ይተካሉ፤ በፎቆቹም ውስጥ ጂፕሰምና ሸካራ ገጽ የሚሰጠው ኳርትዝ ቀለም ይታያሉ። ጠባብና በዝናብ የሚያፈስ ቤት ይቆይ ማለት አይገባም፤ የሚኖርበት ሰው የተሻለ ቤት ይገባዋልና። ነገር ግን አንድ ቤት ከመፍረሱ በፊት የግድግዳው ንብርብር ቢለካ፥ ፎቶግራፍ ቢነሣ፥ የለሰነውም ሰው ቢጠየቅ ሥራው የአንድ ቀን ነው። ከፈረሰ በኋላ ግን በመዝገብ የቤቱ ቁጥር ይገኝ ይሆናል እንጂ፥ በውስጡ የኖሩት ሰዎች እጅ የተወው ፈለግ አይገኝም።