ከሰልፈኛው ጋር የሚሄዱት ሜዲኮች

ስለ ሰልፍ ሲወራ መፈክር ያዡም ፖሊሱም ይነሳሉ። ቦርሳው ላይ በቀይ ፕላስተር መስቀል ለጥፎ ቁስለኛውን የሚረዳው በጎ ፈቃደኛ፣ ሜዲኩ፣ ግን ይረሳል። እኔ ከሁሉም አብልጬ የማከብረው እሱን ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሥራው መልክ የያዘው በፈረንጆቹ 1964 ነው። ጥቁሮችን ለምርጫ ለማስመዝገብ ሚሲሲፒ የዘመቱትን ወጣቶች ለማከም ሐኪሞችና ነርሶች የሰብዓዊ መብት የሕክምና ኮሚቴን አቋቋሙ። በማግሥቱ ዓመት የአላባማ ፖሊሶች ሴልማ ላይ ሰልፈኛውን በዱላና በአስለቃሽ ጭስ ሲበትኑም አባላቱ ቁስለኛ አክመዋል። የዛሬዎቹ ሜዲኮች ብዙዎቹ ሐኪም አይደሉም፤ አጭር ሥልጠና ወስደው ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚንቀሳቀሱ ተማሪዎችና ሠራተኞች ናቸው።

አሁን ለተቃጠለ ዓይን መድኃኒት ነው ወደሚባለው ወተት ልምጣ፤ የሜዲኮቹን ሥራ የሚያበላሽባቸው እሱ ነውና። እኛ ዘንድ ወተት የማያረክሰው መርዝ የለም። ከሰል ያፈነውም ቀለም ሲቀባ የዋለውም ወተት ይጠጣ ይባላል። ፈረንጁም ከእኛ አይሻልም፤ በ2020ዎቹ የአሜሪካ ሰልፎች ላይ ጋሎን ወተት ተሸክሞ ዓይን ላይ ሲያፈስ የነበረው ብዙ ነው።

አስለቃሽ ጭስ ዓይን፣ ቆዳና ልብስ ላይ የሚያርፍ ደቃቅ ዱቄት ነው። መፍትሔው ከቦታው መራቅ፣ ንጹሕ አየርና ብዙ ውሃ ነው። ፖሊስ ሰልፈኛው ፊት ላይ የሚረጨው በርበሬ ደግሞ ቅባት አለው። የሚያቃጥለው ነገር በስብ የሚሟሟ ነው፤ ሚጥሚጣ ምላስ ሲለበልብም ወተት ያበርዳል። ይህ እውነት ነው፤ ስህተቱ ለምላስ የሠራው ለዓይንም ይሠራል ማለቱ ላይ ነው። በ2008 በታተመ ጥናት በርበሬ ፊታቸው ላይ የተረጨባቸው 49 ሰዎች ወተት፣ ውሃ፣ የሕፃናት ሻምፖ፣ የጨጓራ መድኃኒትና ማደንዘዣ ቅባት ተሞክሮባቸው አንዱም ከሌላው አልተሻለም። ሕመሙን ያቀለለው ጊዜ ነው። እንግዲህ ወተት ከውሃ ካልበለጠ፣ ፀሐይ ላይ ሲሞቅ የዋለ ወተት የቆሰለ ዓይን ውስጥ መጨመር ለምን አስፈለገ? ያ እኮ ኢንፌክሽን መጋበዝ ነው። ሎሚና ኮምጣጤማ ጭራሽ አይታሰቡ!

አንዲት ሜዲክ ስትሠራ በቅርብ አይቻለሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ለሚንቀጠቀጠው ልጅ መጀመሪያ ስሟን ነገረችው። «ዓይንህን ላጥብልህ?» ብላ ፈቃዱን ጠየቀች፤ ቀጥላም «ሌንስ አድርገሃል?» አለችው። አዲስ ጓንት አጠለቀች። ጭንቅላቱን ወደ ጎን አዘንብላ፣ አፉ ጠባብ ከሆነ ጠርሙስ ውሃውን ከአፍንጫው በኩል ወደ ጆሮው ለቀቀችው፤ እጣቢው ወደ ሌላው ዓይን እንዳይገባ ነው። አንዱ የወተት ጠርሙስ ይዞ ሲጠጋ ቀና ሳትል በክንዷ መለሰችው።

ውሃ የማይደርስለት ጉዳትም አለ። ስለ ጎማ ጥይትና መሰሎቹ በ2017 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ከመዘገባቸው 1,984 ተጎጂዎች 53ቱ ሞተዋል፤ 300ው ዘላቂ የአካል ጉዳት ደርሶባቸዋል። እዚህ ላይ የሜዲኩ ድርሻ ደም ማቆምና ቁስለኛውን ቶሎ ወደ ሆስፒታል ማሻገር ነው። ለዚህ ደግሞ የፖሊስ ፈቃደኝነት ያስፈልጋል። በ1990 ሃቫና ላይ የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት መርህም ኃይል የተጠቀመ ፖሊስ ተጎጂው በተቻለ ፍጥነት ሕክምና እንዲያገኝ ማድረግ እንዳለበት ይደነግጋል።

ሆኖም በጁን 2020 በሰሜን ካሮላይናዋ አሽቪል ፖሊሶች የሜዲኮችን የዕርዳታ ጣቢያ ሲያፈርሱና የውሃ ጠርሙስ በስለት ሲበሱ በካሜራ ተቀረጹ። ጠርሙስ ሲወረወርብን ነበር የሚል ምክንያት ቢሰጥም የፖሊስ አዛዡ በኋላ ይቅርታ ጠይቀዋል። የተወረወረ ጠርሙስ ካለ ወርዋሪው ይጠየቅ፤ ለዓይን ማጠቢያ የተቀመጠውን መብሳት ግን ቁስለኛውን ዳግመኛ መምታት ነው።

ሰልፈኛውም ቢሆን ከወቀሳ አያመልጥም። ሌንስ ያላችሁ አውልቃችሁ በመነጽር ውጡ። ከምትጠጡት ሌላ ለዓይን የሚሆን ውሃ ያዙ። ሜዲክ ቁስለኛ ላይ ሲያጎነብስ ስልክ ደግናችሁ አትክበቡት፤ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ መንገድ ክፈቱለት።