የሼርሎክ ሆልምስ የምርመራ ጥበብ

ማየት ለሰው ሁሉ የተሰጠ ነው፤ ማስተዋል ግን በልምድና በትጋት የሚገኝ ሀብት ነው። ይህንንም ለዓለም ካስተማሩት አንዱ፥ ከእናትና ካባት ያልተወለደ፥ በደራሲ ብርዕ ብቻ የተፈጠረ ሰው ነው። ስሙ ሼርሎክ ሆልምስ ይባላል፤ ሥራው የተሰወረ ወንጀል መመርመር ነው፤ ቤቱም በሎንዶን ከተማ በቤከር ጎዳና በቁጥር 221 ለ ነው ተብሎ ተጽፏል። የመጀመሪያው ታሪኩ ከታተመ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ፥ እስከ ዛሬ ድረስ ይነበባል፤ በሲኒማና በቴሌቪዥንም ይታያል። ስለዚህ የዚህ መርማሪ ዘዴ ምን እንደ ሆነ፥ ሰውስ ስለ ምን እንደ ወደደው፥ ለቤተ ሰብና ለሹም የሚሆን ምን ትምህርት እንደሚገኝበት ለክቡራን አንባቢዎቻችን በአጭሩ እንገልጻለን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ደራሲው ሰር አርተር ኮናን ዶይል በ1859 በስኮትላንድ በኤዲንበርግ ከተማ ተወለዱ። በዚያው ከተማ ሕክምና ሲማሩ ዶክቶር ጆሴፍ ቤል የሚባሉ የቀዶ ጥገና ሐኪም አስተማሪያቸው ነበሩ። እኒህ ሐኪም በሽተኛው ብዙ ሳይናገር ሥራውንና የመጣበትን አገር ይነግሩት ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ተራ ልብስ የለበሰ አንድ በሽተኛ በቀረበ ጊዜ፥ በቅርቡ ከወታደርነት መሰናበቱን፥ ማዕርጉም የበታች ሹም መሆኑን፥ ያገለገለውም በባርቤዶስ ደሴት መሆኑን ነገሩት። ሰውየውም እውነት ነው አለ። ተማሪዎቹ በተደነቁ ጊዜ ዶክቶር ቤል ምክንያቱን አስረዷቸው። ሰውየው ሥርዓት የሚያውቅ ሆኖ ሳለ ባርኔጣውን አላወለቀም፤ ይህ የወታደር ልማድ ነው፤ ከተሰናበተም ቢቆይ ኖሮ የባላገሩን ልማድ በተማረ ነበር። አኳኋኑ ማዘዝ የለመደ ሰው ያስመስለዋል። በሽታው ደግሞ ዝሆኔ ነው፤ ይህም በምዕራብ ህንድ ደሴቶች እንጂ በብሪታንያ ምድር የሚይዝ በሽታ አይደለም።

ዶይልም ሐኪም ከሆኑ በኋላ የመምህራቸውን ዘዴ ለአንድ ወንጀል መርማሪ ሰጥተው ታሪኩን ጻፉ፤ በ1887 ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ሆልምስ ከወዳጁ ከዶክቶር ዋትሰን ጋር መጀመሪያ ሲገናኝ፥ ከአፍጋኒስታን እንደ መጣ ወዲያው ይነግረዋል። ነገሩ አስማት አይደለም። የዋትሰን ፊት ጠቁሯል፤ የእጁ አንጓ ግን ነጭ ነው፤ እንግዲያስ ያጠቆረው የቆላ ፀሐይ ነው። ፊቱ ከስቷል፤ ስለዚህ ታሞ ነበር። ግራ ክንዱን እንደ ልብ አያንቀሳቅስም፤ ስለዚህ ቆስሏል። ሐኪም ሲሆን የወታደር አቋም አለው። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ጦር ሐኪም በቆላ ፀሐይ ሊቆስል የሚችልበት አገር አፍጋኒስታን ነበረ።

የዘዴው ሥር ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያው፥ ትንሹን ነገር አለመናቅ ነው፤ የጫማ ዱካ፥ የትምባሆ አመድ፥ በልብስ ላይ የተረጨ ጭቃ ለሆልምስ እንደ ምስክር ይናገራሉ። ሁለተኛው፥ ማስረጃው ሳይሰበሰብ ፍርድ አለመስጠት ነው። አስቀድሞ የፈረደ ሰው ያየውን ሁሉ ከፈረደው ጋር ለማስማማት ያጣምመዋል፤ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ። ሦስተኛው፥ የሆነውን ብቻ ሳይሆን መሆን ሲገባው ያልሆነውንም መጠየቅ ነው። በ1892 በታተመው ታሪክ አንድ የታወቀ የእሽቅድምድም ፈረስ በሌሊት ከጋጥ ይጠፋል፤ አሠልጣኙም ሞቶ ይገኛል። ሁሉም እንግዳ ሌባ ሲፈልግ፥ ሆልምስ ግን የጋጡ ውሻ በዚያ ሌሊት አለመጮሁን አስተዋለ። ውሻ የማይጮኸው ለሚያውቀው ሰው ነውና ሌባው የቤት ሰው ሆኖ ተገኘ።

ይሁን እንጂ በመጽሐፍ ውስጥ ምልክቱንም ምክንያቱንም የሚያዘጋጀው ደራሲው ራሱ ስለ ሆነ የመርማሪው ግምት ብዙ ጊዜ ይሠምራል። በኑሮ ግን አንዱ ምልክት ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ዘዴው በእውነተኛ ሰው ሕይወት ላይ በተፈተነ ጊዜ ምን እንዳፈራ ማየት ይገባናል።

በ1903 በእንግሊዝ አገር በግሬት ዋይርሊ መንደር ሌሊት ከብቶችንና ፈረሶችን በስለት የሚጎዳ ሰው ተነሣ። ጆርጅ ኤዳልጂ የሚባል ወጣት ጠበቃ ተከሶ የሰባት ዓመት እስራት ተፈረደበት። አባቱ ከህንድ የመጣ የመንደሩ ቄስ ነበረ። ወጣቱ ሦስት ዓመት ታስሮ በ1906 ቢፈታም ስሙ አልጠራለትም፤ ሥራውንም አጥቶ ቀረ። ዶይል ሊያነጋግሩት በሄዱ ጊዜ፥ እሱ ጋዜጣውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፥ ወደ ጐንም አዘንብሎ ሲያነብ ከሩቅ አዩት። ዓይኑ እጅግ የደከመ ሰው በጨለማ ሌሊት ሜዳና የባቡር ሐዲድ ተሻግሮ ይህን ሥራ እንዴት ይሠራል ብለው፥ ነገሩን ሁሉ መርምረው በ1907 በጋዜጣ አወጡት። በዚያው ዓመት መንግሥት ምሕረት ሰጠው፤ ወደ ጥብቅና ሥራውም ተመለሰ፤ ካሣ ግን አልተከፈለውም። የወንጀል ይግባኝ የሚሰማ ፍርድ ቤት በእንግሊዝ አገር በ1907 እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው የኦስካር ስሌተር ነገር ነው። በ1908 በግላስጎ ከተማ አንዲት ባለጠጋ አሮጊት በቤታቸው ተገደሉ፤ አንድ የደረት ጌጥም ጠፋ። ፖሊሶች ስሌተርን የጠረጠሩት የደረት ጌጥ አስይዞ ገንዘብ ስለ ተበደረ ነበር። ሲመረመር ግን ጌጡ የሟቿ አልነበረም፤ የተያዘውም ከግድያው በፊት ነበር። ክሱ የቆመበት መሠረት ፈርሶ ሳለ ሰውየው አልተለቀቀም፤ በ1909 ሞት ተፈረደበት፤ ቅጣቱም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ዶይል በ1912 ስለ እሱ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ሰውየው ግን የተፈታው በ1927 ነው፤ ፍርዱም በ1928 ተሻረ። አንድ ሰው ከ18 ዓመት በላይ የታሰረው፥ ግምት ከማስረጃ ስለ ቀደመ ነው።

ሰው ሆልምስን የወደደውም ስለ ብልሃቱ ብቻ አይመስለንም። ወደ ቤቱ ንጉሥ ቢመጣ፥ ወይም በጽሕፈት መኪና ሥራ የምትኖር ወጣት ብትመጣ፥ ሁለቱንም በትዕግሥት ይሰማል። ደግሞም ስሕተቱን አይሸሽግም። በ1893 በታተመው አንድ ታሪክ በኖርበሪ መንደር ግምቱ ፈጽሞ ስቶበት፥ ወደ ፊት በራሱ ብልሃት ሲመካ ቢያየው የዚህን መንደር ስም በጆሮው ሹክ እንዲለው ዋትሰንን ይለምነዋል። በዚያው ዓመት ደራሲው ሰልችተውት በስዊስ አገር በራይኸንባኽ ፏፏቴ እንደ ሞተ አድርገው ቢጽፉ፥ አንባቢው እጅግ አዘነ፤ ተቈጣም። በመጨረሻ በ1903 በሕይወት መለሱት። እስከ 1927 ድረስ 4 ረጃጅም መጻሕፍትና 56 አጫጭር ታሪኮች ጻፉለት፤ ራሳቸውም በ1930 ዐረፉ።

ይህን ጥበብ በቤታችን ልንሠራበት እንችላለን። ልጆች በመንገድ የሚያልፈውን ሰው አይተው ሥራውን ይገምቱ፤ አባትና እናትም ምን አይታችሁ ይህን አላችሁ ብለው ይጠይቋቸው፤ ምክንያት ያላቀረበ ግምት እንደ ስድብ ይቈጠርበት። በቤት ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ድኻው የቤት ሠራተኛ ነው፤ የቤቱ ጌታ ግን ከመቈጣቱ በፊት ዕቃው መቼ እንደ ታየ፥ ማን እንደ ገባ፥ በእውነት መጥፋቱንም ይመርምር። ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ የሚለው ያባቶቻችን ቃል ከሆልምስ ዘዴ ጋር አንድ ነው። በወንበር የሚቀመጥ ዳኛም፥ ማመልከቻ የሚቀበል ሹምም፥ በፊቱ የቆመውን ሰው ከመፍረዱ በፊት ጋዜጣውን እንዴት እንደሚያነብ ይመልከት።