ገንቦ የመሰለው የልብ ጥላ

ከጎንደር ከተማ ወጥቶ ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው ገና ብዙ ሳይርቅ ወለቃን ያገኛል። በዚያ መንደር ቀድሞ የቤተ እስራኤል ወንዶች ብረት ሲቀጠቅጡ፥ ሴቶቻቸው ድስቱንና ምጣዱን፥ ገንቦውንም ከጭቃ እያበጁ ይሸጡ ነበር። እነርሱ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል አገር ከተሻገሩ በኋላም የሸክላው ሥራ ከስፍራው አልጠፋም። አሳባችን ስለ ሸክላ መጻፍ አይደለም፤ ነገር ግን በሆስፒታል የደረትንና የልብን ሥዕል በማንበብ የምንውል ሰዎች ስለ ሆንን፥ በመንገድ ዳር ገንቦ ባየን ቍጥር ትዝ የሚለን አንድ የልብ ጥላ አለ።

ልብ በስስ ከረጢት ተሸፍኖ ይኖራል። በዚህ ከረጢት ውስጥ ውኃ ሲጠራቀም፥ በራጅ ሥዕል ላይ የልቡ ጥላ ከታች ሆዱ ተነፍቶ፥ ከላይ አንገቱ ቀጥኖ፥ ልክ እንደ ተቀመጠ ገንቦ ሆኖ ይታያል። በአፍሪካ አገሮች ለዚህ ውኃ ምክንያት ከሚሆኑት ደዌዎች አንደኛው ነቀርሳ ነው። ውኃው ቀስ እያለ የበዛበት ሰው ሳምንታት ሙሉ በእግሩ እየሄደ ሊከርም ይችላል፤ በድንገት የሞላበት ግን ልቡ ታፍኖ ወዲያው ሊሞት ይችላል። ሐኪም በመርፌ ውኃውን በጊዜ ከቀዳለት፥ ሲያቃስት የነበረው ሰው እዚያው አልጋው ላይ እንዳለ ትንፋሹ ይመለስለታል። እንግዲህ ሥዕሉን የሚያነበው ሰው ገንቦውን አይቶ ዝም ቢል፥ ወይም ለነገ ቢያሳድረው፥ የሚመጣውን ጥፋት አንባቢ ራሱ ይገምተው።

ራጅን ያገኘው ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ነው። ቀኑም ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን፥ አባቶቻችን በአድዋ ድል ያደረጉት ከዚህ አራት ወር ያህል በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹ የራጅ ሠራተኞች የጨረሩን ክፋት ስላላወቁ እጃቸው ተቃጥሎ ጣታቸውን ያጡ ብዙዎች ነበሩ። ዛሬ አንድ የደረት ራጅ የሚሰጠው ጨረር ሰው ሁሉ ከምድርና ከሰማይ በ10 ቀን ያህል ከሚቀበለው አይበልጥም። ቢሆንም ፅንስ ያላት ሴት፥ እንዲያውም የተጠራጠረችም ብትሆን፥ ወደ መሣሪያው ከመቅረቧ በፊት መናገር ይገባታል። በአገራችን ይህን ማፈር አለ፤ አያሳፍርም።

ሥዕሉን ስናነብ ሕመምተኛው ፊት ለፊት እንደ ቆመ አድርገን ስለምናቆመው፥ ቀኙ በግራችን በኩል ይውላል። አስቀድመን ስሙን እንመለከታለን፤ የአንዱን ሥዕል በሌላው ስም ማንበብ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነውና። ቀጥሎ አየሩን በደንብ ስቦ እንደ ሆነ፥ የጎድኑን አጥንት፥ የሳንባውን ጫፍና ማዕዘን፥ በመጨረሻም ልቡን እናያለን። በአዋቂ ሰው የልብ ጥላ ወርድ ከደረቱ የውስጥ ወርድ ከግማሽ በላይ ከሆነ ሰፍቷል እንላለን። ነገር ግን ጥላ የአካልን ዳር እንጂ ውስጡን አይናገርም። ውኃ የከበበው ልብና ሥጋው ደክሞ የሰፋ ልብ በራጅ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። እነዚህን የሚለየው ኤድለርና ኸርትዝ የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1946 ዓ.ም. በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ የጀመሩት፥ ልብን በድምፅ ሞገድ የማየት ጥበብ ነው። በእርሱ ሲታይ ውኃው በልቡ ዙሪያ ጥቁር ሆኖ፥ ልቡም በመካከሉ ሲመታ ይገኛል። እኛ በጥላው ጠርጥረን የልብ ሐኪሙ በሞገዱ ሲያረጋግጥ ሥራው ይሟላል።

ከገንቦው ይልቅ የሚያሳዝነን ግን ሌላ ጥላ ነው። በግራ በኩል የልቡ ዳር መጎድጎዱ ቀርቶ ቀጥ ይላል፤ በቀኝ በኩል በጥላው ውስጥ ሁለተኛ ጥላ ይደረባል፤ በሳንባው ላይኛ ክፍል ያሉት የደም ሥሮች ይወፍራሉ። ይህ ማለት በግራው ልብ መካከል ያለው በር ጠብቧል፥ ደሙም ወደ ሳንባ ተመልሶ ተጨናንቋል ማለት ነው። በሩ ሁለት ክንፍ ያለውና የፈረንጅ ጳጳሳትን ቆብ የሚመስል ስለ ሆነ ማይትራል ተብሏል። የዚህ ሥዕል ባለቤት ብዙውን ጊዜ ወጣት ሴት ናት። አስም ነው፥ ብርድ ነው ስትባል ከርማ፥ ባገባችና ባረገዘች ጊዜ በሰውነቷ ያለው ደም እስከ ግማሽ ያህል ስለሚጨምር ጠባቡ በር አይበቃትም፤ በሌሊት ትንፋሽ አጥሯት ተቀምጣ ታድራለች።

ጥፋቱ የተጀመረው ግን በዚያ ሌሊት አይደለም። ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜዋ ጉሮሮዋን ታማ ነበር። ስትሬፕቶኮከስ የተባለውን ተሐዋስ ሊወጋ የተነሣው የሰውነት ጦር ጠላቱን ከወገኑ ሳይለይ የልቧን በር ወጋው። ትኩሳት መጣ፥ ጉልበቷና ክርኗ ተራ በተራ አበጠ፤ ቤተ ሰቡ ቁርጥማት ነው ብሎ ተወው። ጉሮሮው በታመመ ጊዜ ፔኒሲሊን በወቅቱ ቢሰጥ ይህ ሁሉ በአብዛኛው ባልመጣ ነበር። በአንዳንድ ስፍራ እንጥል ማስቆረጥ መድኃኒት ይመስላል፤ ምላጩ ግን ደም ከማፍሰስና ሌላ በሽታ ከማስገባት በቀር ተሐዋሱን አይገድልም፥ ልብንም አይጠብቅም።

አንድ ጊዜ በሽታው የነካው ልጅ በየ28 ቀኑ ወይም ሐኪሙ እንዳዘዘው በየ3 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለብዙ ዓመት መወጋት አለበት። ልጁ ደኅና ሆኖ ሲጫወት ስለሚታይ ወላጆች መርፌውን የሚያቋርጡት በዚህ ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ጥቃት ግን በሩን ከፊተኛው ይልቅ ያበላሸዋል። በሩ ፈጽሞ ከተበላሸ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በ2001 ዓ.ም. የተከፈተው የልብ ማእከል ለብዙ ሕፃናት ደርሶላቸዋል፤ ነገር ግን ከጎንደር እስከዚያ ያለው መንገድና ወጪው ለገበሬ ቤት ቀላል አይደለም። በጎንደርማ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ትምህርት ቤት አለ፤ መርፌውም በየጤና ጣቢያው ሊሰጥ የሚችል ነው።

ከወላጆች አንድ ነገር እንለምናለን፤ ቀድሞ የተነሡትን ራጅ አትጣሉት። የዛሬው ጥላ ብቻውን ግማሽ ወሬ ነው፤ ልቡ አሁን ሰፋ ወይስ ከጥንት እንዲሁ ነበረ የሚለውን የሚመልስልን አሮጌው ነው። አንዳንዶች ፊልሙን ከጣራ ሥር ሰክተው ያኖሩታልና ጥላሸት ለብሶ፥ ጭስ ጭስ እየሸተተ ይመጣልናል። እኛም በንጹሕ ጨርቅ ወልወል አድርገን ከአዲሱ አጠገብ በብርሃኑ ላይ እናቆመውና የሁለቱን ልብ ወርድ እንለካለን።