ጀልባ ከራሷ ማዕበል ጋር ስትታገል

በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተረከብናት «ኢትዮጵያ» የምትባል መርከብ 95 ሜትር ገደማ ትረዝም ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ዋና መርከብ እርሷ ነበረች። ሞተሮቿ በድምሩ 6,000 የፈረስ ጉልበት ነበራቸው፤ ቢበዛ በሰዓት 33 ኪሎሜትር ያህል ትሄድ ነበር። ደርግ ከሶቭየት ኅብረት ያስመጣቸው ኦሳ የተባሉ ሚሳይል ተኳሽ ጀልባዎች ግን ርዝመታቸው 39 ሜትር አይሞላም፤ በሦስት ሞተሮች 15,000 የፈረስ ጉልበት ጭነው በሰዓት ከ70 ኪሎሜትር በላይ ይከንፉ ነበር። ርዝመቷ ከግማሽ በታች የሆነ ጀልባ፣ ሁለት እጥፍ ተኩል ጉልበት! ለምን?

ይህን ለመረዳት ምጽዋ መውረድ አያስፈልግም። ከሆሳዕና ወደ ምዕራብ ወደ ኦሞ ሸለቆ ሲወረድ የጊቤ ሦስት ግድብ ያቆረው ውኃ ይገኛል፤ ወደ ኋላ 150 ኪሎሜትር ገደማ ተንጣልሎ የሐዲያንና የከምባታን ዳርቻ ይነካል። እዚያ ሞተር የተገጠመላት ጀልባ ስትነሳ ልብ ብሎ ማየት ነው። መጀመሪያ ቀስ ብላ ውኃውን እየገፋች ትሄዳለች። ነዳጅ ሲሰጣት አፍንጫዋ ሽቅብ ይሰቀላል፣ ኋላዋ ይሰምጣል፣ ሞተሩ ይጮኻል፤ ፍጥነቷ ግን እንደ ጩኸቱ አይጨምርም። ጥቂት ቆይቶ አፍንጫዋ ዝቅ ይላል፤ በዚያው ቅጽበት ትፈተለካለች።

የሆነው ይህ ነው። ማንኛዋም ጀልባ ስትሄድ ማዕበል ታስነሳለች። ፍጥነቷ ሲጨምር በማዕበሉ ጫፍና ጫፍ መካከል ያለው ርቀት ይረዝማል። ርቀቱ ከጀልባዋ ርዝመት ጋር ተካክሎ ማለፍ ሲጀምር ፊቷ አንድ ጫፍ ላይ ይወጣል፣ ኋላዋ ወደ ጉድጓዱ ያዘነብላል፤ ከዚያ ወዲያ የምትሄደው ራሷ የሠራችውን ዳገት እየወጣች ነው። ዳገቱ የሚጀምርበት ፍጥነት በቀላሉ ይሰላል፦ ውኃው ላይ የሚያርፈውን ርዝመት በሜትር ወስዶ፣ ስኩዌር ሩቱን በ4.5 ማባዛት። 36 ሜትር ቢሆን ስኩዌር ሩቱ 6 ነው፤ ውጤቱ በሰዓት 27 ኪሎሜትር። ለ«ኢትዮጵያ» ግን ከ40 በላይ ይመጣል፤ ስለዚህ በ33 ስትሄድ ዳገቷ ላይ ገና አልደረሰችም። ኦሳ ዳገቱን አልፋ መሄድ ነበረባት። ያ ሁሉ ጉልበት የፈሰሰው ለዚህ ነው፤ ከበቂ በላይ ጉልበት ሲኖር የጀልባዋ ሥር ውኃውን እየመታ ወደ ላይ ስለሚነሳ፣ ውኃውን ሰንጥቃ ከማለፍ ይልቅ በላዩ ላይ ትንሸራተታለች።

ሥሯ ጠፍጣፋ ከሆነ ቶሎ ትነሳለች፤ ማዕበል ሲኖር ግን እየዘለለች ስትወድቅ የመርከበኛውን ወገብ ትሰብራለች። ሹል ከሆነ ምቱ ይለዝባል፣ ነዳጁ ይበዛል። ንድፍ አውጪዎች ዛሬም የሚከራከሩት በዚሁ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ሆሳዕና ከፍታዋ 2,200 ሜትር ገደማ በመሆኑ የቡና ጀበና 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ያነሰ ነውና። በጣም በፍጥነት በሚሽከረከር ፕሮፔለር ጀርባ ግፊቱ ከዚህም አልፎ ይወርድና ባሕሩ ሳይሞቅ ይፈላል። የተፈጠሩት የእንፋሎት አረፋዎች ብረቱ ላይ በድንገት ሲከስሙ ጥቃቅን ጉድጓድ እየቆፈሩ ይበሉታል፤ ፕሮፔለሩም ውኃ የመግፋት አቅሙን ያጣል።

ፍጥነት ትልቁን ዋጋ የሚያስከፍለው ግን በነዳጅ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካ የመጡት የባሕር ኃይላችን ጠባቂ ጀልባዎች፣ ከፒሲ-11 እስከ ፒሲ-15 የተባሉት፣ 29 ሜትር ገደማ ነበሩ። የዚህ ዓይነት ጀልባ በሙሉ ፍጥነቷ፣ በሰዓት 37 ኪሎሜትር፣ ስትሄድ ነዳጇ ለ850 ኪሎሜትር ገደማ ይበቃታል። ዝግ ካለች ከ3,000 በላይ ትሄዳለች። ከምጽዋ አሰብ በቀጥታ 450 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ እየከነፈች ደርሳ ልመለስ ብትል ምጽዋ ሳትገባ ነዳጇ ያልቃል። ስለዚህ ጠባቂ ጀልባ አብዛኛውን ቀን የምታሳልፈው በማዝገም ነው፤ የምትሮጠው አንድ ነገር ስታይ ብቻ ነው።

የፍጥነትን ክፉ ገጽ ባሕር ኃይሉ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ አየው። ሻዕቢያ መትረየስ የጫኑ ትናንሽ ፈጣን ጀልባዎችን አሰልፎ ከእነርሱ እጅግ የሚበልጡ መርከቦችን አጠቃ። ወደቡ ተያዘ። በ1983 ዓ.ም. የቀሩት መርከቦች ወደ የመንና ወደ ሌሎች ጎረቤት አገሮች ሸሹ፤ «ኢትዮጵያ»ም የመን ቆይታ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ማክሮን አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ የፈረሰውን ባሕር ኃይል መልሶ ለማቋቋም የትብብር ስምምነት ተፈረመ። ወሬ የሚበዛው መርከብ ስለመግዛት ነው። እኔ ግን ከመርከቡ በፊት የሚነሳበት ወደብ ነገር ያሳስበኛል። ከጅቡቲ እስከ ባብ ኤል መንደብ 110 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት 70 ኪሎሜትር የምትሄድ ጀልባ በአንድ ሰዓት ተኩል ትደርሳለች፣ ተመልሳም ነዳጅ ይተርፋታል። ያችው ጀልባ ከኬንያው ላሙ ወደብ ተነስታ ወደ ባብ ኤል መንደብ በዚያው ፍጥነት ብትከንፍ፣ የአፍሪካን ቀንድ ጫፍ ሳትዞር ነዳጇ ያልቃል።