ተጨማሪ መረጃ፦ ያገለገለ መኪና ገዝቶ ስለ ተጎዳ ሰው

ውሉ ተፈርሞ፣ ደላላውም ድርሻውን ተቀብሎ፣ ሻጭና ገዥ በሰላም ከተለያዩ በኋላ፣ የኪሎ ሜትሩ ቆጣሪ ወደ ኋላ የተመለሰ፣ ወይም የሞተሩ ማንኳኳት እንዳይሰማ ወፍራም ዘይት የተሞላበት መሆኑ ቢገለጽ፣ ገዥው ጥሪቱን በከንቱ እንዳጣ ቆጥሮ ተስፋ ሊቆርጥ አይገባውም፤ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ለተሰወረ ጉድለት (ዐይን ለሚያየው ግን አይደለም) ዋስ ያደርገዋልና። ይሁን እንጂ ሕጉ የሚራዳው ትጉሁን ስለሆነ፣ ገዥው መኪናውን እንደ ተረከበ ማስመርመር፣ ጉድለቱንም እንዳገኘ ሳይዘገይ፣ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል፣ ለሻጩ ማስታወቅ፣ ውሉ እንዲፈርስለት ወይም ኪሣራ እንዲከፈለው የሚጠይቅበትንም ክስ ካስታወቀበት ቀን አንሥቶ በ1 ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት። «ባለበት ሁኔታ ሸጫለሁ፣ ኀላፊነት የለብኝም» የሚል ቃል በውሉ ቢሰፍር እንኳ፣ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኰል የሰወረ እንደ ሆነ ቃሉ ፈራሽ ነው፤ ይህም ድንጋጌ የዋሁን ከመሠሪው የሚጠብቅ፣ እጅግ የሚመሰገን ፍርድ ነው። በሊብሬው የተጻፈው የሻንሲ ቁጥር በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር ሳይስማማ ቢገኝ ግን፣ መኪናው የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል፣ ገዥው ውሉን፣ የባንክ ደረሰኙንና የመካኒኩን የምርመራ ጽሑፍ ይዞ በቅድሚያ ለፖሊስ ያመለክታል።