የደዌው መግቢያና የምንወስደው መድኃኒት

ለሱባኤና ለጠበል ወደ ገዳማችን ከሚመጡ ምእመናን መካከል የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን ብዙዎች ናቸው። አንዳንዶቹም «የምንውጠው ኪኒን ለሳምባ ደዌ ያጋልጠን ይሆንን?» ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ መልሱን ለማግኘትም ብዙ ወገኖቻችን እንጀራ ፍለጋ ወደሚኖሩባት ወደ ጅዳ እንሻገር።

በሰኔ 2004 ዓ.ም. በዚያች ከተማ አንድ የ60 ዓመት ሰው በብርቱ የሳምባ ምች ሆስፒታል ገብቶ በዐሥራ አንደኛው ቀን ሞተ። ግብፃዊው ሊቅ ዶክተር ዓሊ ሞሐመድ ዛኪ ከአክታው ያልታወቀ ቫይረስ አገኙ፤ ናሙናውን ሮተርዳም ወዳለው ኢራስመስ የሕክምና ማዕከል ልከው በመስከረም 2005 ዓ.ም. ለዓለም አሳወቁ። ይህም ሜርስ የተባለው፣ ከግመል ወደ ሰው የሚተላለፈው ደዌ ነው። ከተመዘገቡት ከ2,600 በላይ ሕሙማን ከሢሶ የሚበልጡት ሞተዋል። የአገራችን ግመሎችም ቫይረሱ እንዳገኛቸው የደም ምርመራ አሳይቷልና ወተታቸውን አፍልቶ መጠጣት ይገባል።

ቫይረስ ወደ ሕዋስ የሚገባው በሕዋሱ ገጽ ላይ የሚይዘው ነገር ሲያገኝ ነው። ሜርስ የሚይዘው ዲፒፒ4 የተባለውን ፕሮቲን መሆኑ በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ታወቀ። ፕሮቲኑ በግመል አፍንጫ ውስጥ ይበዛል፤ በሰው ግን ይበልጡን በሳምባ ጥልቅ ክፍል ይገኛል። ስለዚህም ደዌው ሳምባን አጥብቆ ይጎዳል እንጂ እንደ ጉንፋን በቀላሉ አይዛመትም። በጅዳ ሆስፒታሎች በ2006 ዓ.ም. ብዙዎችን ቢይዝም፣ በመካ በሐጅ ጉባኤ የተፈራው ታላቅ ወረርሽኝ አልደረሰም።

የሚያስደንቀው ሌላ ነው። ሲታግሊፕቲን የተባለው የስኳር መድኃኒት የሚያግደው ይህንኑ ዲፒፒ4ን ነው። ታዲያ ቫይረሱንም ያግድ ይሆን? በቤተ ሙከራ ተፈተነ፤ አላገደም። መድኃኒቱ የሚያርፈው ፕሮቲኑ ሥራውን በሚሠራበት ጎድጓዳ ስፍራ ሲሆን፣ ቫይረሱ የሚይዘው ግን ውጫዊ ጎኑን ነው። የእንስራን አፍ ብንከድን ጆሮዋን የሚይዘውን እጅ አንከለክልም።

በኮሮና ዘመን ደግሞ ፍርሃቱ ተገላቢጦሽ ሆነ። የቫይረሱ መግቢያ ኤሲኢ2 የተባለው ፕሮቲን ነውና፣ እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የግፊት መድኃኒቶች ይህን መግቢያ ያበዙታል ተብሎ ተፈራ። በብራዚል 659 ሕሙማን በሁለት ተከፍለው ግማሹ መድኃኒቱን ለ30 ቀን እንዲያቋርጥ፣ ግማሹ እንዲቀጥል ተደረገ፤ በጥር 2013 ዓ.ም. በወጣው ውጤት ያቋረጡት ምንም አልተጠቀሙም። ግፊት ግን ያለ መድኃኒት ሲቀር ምን እንደሚያደርስ ሁላችን እናውቃለን። ስለዚህ ተሳላሚዎች ኪኒናችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የጾሙን ሰዓት ከሐኪማችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተማከሩበት። ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. በአደባባይ መናገራቸውን አባቶች ያስታውሳሉ።

ያን ጊዜ ብዙዎች የተሻሙበት የወባው መድኃኒት ክሎሮኪንስ? በቤተ ሙከራ የኮሮናን መግቢያ ዘግቶ ነበር፤ የተፈተነው ግን በጦጣ ኩላሊት ሕዋስ ላይ ነው። በሰው ሳምባ ሕዋስ ቫይረሱ በሌላ መንገድ ይገባል፤ ክሎሮኪንም በዚያ መንገድ አያገኘውም።