ሐይቁ ሸሸ ከማለታችሁ በፊት

ቀረብ በሉ፤ ይህን የምነግራችሁ ዝግ ባለ ድምፅ ነው። በጥናት ወረቀት ላይ የምታዩት ያ ያማረ ካርታ፣ የድሮው የሐይቅ ዳርቻ በቀይ፣ የዛሬው በሰማያዊ የተሠመረበት፣ እናንተ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ብዙ ውሳኔ አልፎበታል። አንባቢ የሚያየው ውጤቱን ነው። ካርታ በካርታ ላይ ስንደርብ የምንውል ሰዎች ግን ነገሩ የሚበላሸው የት የት ላይ እንደሆነ እናውቃለን።

የእኛ ሰሜን ሸዋ ትልቅ ሐይቅ የለውም። የሐይቆች የድሮ መረጃ ግን በደጃችን አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ አንኮበር ሲገባ፣ የቡድኑ ሰዎች መንገዱን እየመዘገቡ ነበር። በ1842 ሚሲዮናዊው ክራፕፍ ከአንኮበር ወደ ሰሜን ተጉዞ ስሙም «ሐይቅ» የሆነውን የወሎን ሐይቅ አይቷል። በንጉሥ ምኒልክ ዘመንም እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር አንኮበር አጠገብ ጣቢያ ከፍቶ ነበር።

የመጀመሪያው ምሥጢር እነሆ። የእነዚያ መንገደኞች ካርታ የሐይቅ ስፋት ለመለካት አይሆንም። ቦታን በፀሐይና በከዋክብት ሲለዩ በኬክሮስ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢስቱ፣ መሬት ላይ 1.85 ኪሎ ሜትር ስተዋል ማለት ነው። የወሎው ሐይቅ ርዝመቱ ከ7 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። እንዲህ ያለውን ካርታ ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያይቶ «ይህን ያህል ሄክታር ጠፋ» የሚል ሰው ካገኛችሁ፣ የጠፋው ሄክታር ምናልባት የመንገደኛው የልኬት ስሕተት ነው።

ታዲያ ምን ይጠቅማሉ? ለምስክርነት። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝም ገዳሙን በውኃ የተከበበ አድርጎ ጽፎታል። ዛሬ ወደ ገዳሙ በእግር ይገባል። ዳርቻው መለወጡን የሚናገር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ነገር ግን እዚህም ጥንቃቄ አለ። በ1:1,000,000 ስኬል በተሠራ ካርታ ላይ 200 ሜትር ስፋት ያላት የመሬት መሸጋገሪያ 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ትሆናለች፤ ሠሪው ሊተዋት ይችላል። ካርታው ላይ አለመታየቷ መሬት ላይ ላለመኖሯ ማረጋገጫ አይደለም።

ሁለተኛው ምሥጢር የሚያጋጥመው ወደ ዘመናዊው ካርታ ስንመጣ ነው። የቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ያወጣቸው የ1:50,000 ቅጠሎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የቦታ ማጣቀሻ ነው። ጂፒኤስና የሳተላይት ምስል የሚጠቀሙት ሌላ ነው፤ ደብሊው ጂ ኤስ 84። ሁለቱን ሳያስማሙ ቢደርቧቸው ሐይቁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መንገዱ ሁሉ ከመቶ ሜትር በላይ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ባንድ በኩል ዳርቻው «ሸሽቷል»፣ በሌላው በኩል «ገፍቷል»። እንዲህ ሲሆን ዓይናችሁን ከውኃው አንሡና የማይንቀሳቀስ ነገር ፈልጉ፤ የተራራ ጫፍ፣ የወንዝ መገናኛ፣ የጥንት ደብር። እነሱም አብረው ከሄዱ የተንቀሳቀሰው ካርታው ነው።

ሦስተኛው የቀለሙ ውፍረት ነው። በ1:50,000 ካርታ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት መስመር መሬት ላይ 25 ሜትር ትይዛለች። የወሎው ሐይቅ ዙሪያ ቢያንስ 16 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ የመስመሩን ውስጠኛ ወይም ውጫዊ ጠርዝ በመከተል ብቻ የ40 ሄክታር ልዩነት ይፈጠራል። ከዚህ ያነሰ ለውጥ አገኘሁ የሚል ሪፖርት ስታነቡ ረጋ በሉ።

አራተኛው ወቅቱ ነው። የአየር ፎቶ የሚነሣው በአብዛኛው ሰማዩ በሚጠራበት በበጋ ነው። ጣና በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ይላል። የመስከረምን ሙላት ከግንቦት ጉድለት ጋር አስተያይቶ «ሐይቁ እየደረቀ ነው» ማለት ክረምትና በጋን ማወዳደር ነው። በዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠር አለ፤ እ.ኤ.አ. 1957 የተባለውን የአየር ፎቶ በእኛ 1957 ብሎ የመዘገበ ሰው፣ ጊዜውን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አዛብቶታል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ግን የማይናወጥ ውጤት ይገኛል። ከአንኮበር ገደል በታች ወደ አዋሽ ሸለቆ ውረዱና ወደ ደቡብ ሄዳችሁ መተሐራ ላይ በሰቃን ተመልከቱ። ይህ ጨዋማ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1973 ወደ 11 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፤ በ2002 ወደ 40 ደርሷል። ይህን ያህል ለውጥ በቀለም ውፍረትም በወቅትም አይሳበብም። የሐዲዱና የአውራ ጎዳናው ከፍ መደረግም ምስክር ነው። አጥኚዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ የዝናብ ለውጥ ብቻውን አላጠገባቸውም፤ ጣታቸው ወደ ከርሰ ምድር ውኃና ወደ ፍል ውኃ ምንጮች፣ እንዲሁም በዙሪያው ወዳለው መስኖ አመልክቷል። መንስኤው የተፈለገው መጀመሪያ መጠኑ በትክክል ስለታወቀ ነው።

ይህ ዘዴ ለደብረ ብርሃንም አዲስ አይደለም። በበሬሳ ተፋሰስ የመሬት አጠቃቀም ለውጥ የተጠናው እ.ኤ.አ. የ1957ንና የ1984ን የአየር ፎቶ ከ2000 የሳተላይት ምስል ጋር በማስተያየት ነው። ከዚያም የቀደመ አለ፤ ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941 ያነሷቸው ወደ 34,000 የሚጠጉ የአየር ፎቶዎች አዲስ አበባ ካርታ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተገኝተዋል። ለዓመታት ማንም ዞር ብሎ ሳያያቸው የኖሩት እነዚያ ፎቶዎች ዛሬ የማይተኩ ሀብት ሆነዋል።

ስለዚህ አደራዬ ለሁለት ወገን ነው። ለተማሪዎች፦ ማንኛውንም የለውጥ ካርታ ስትሠሩ የድሮውን ካርታ ዓመት፣ ወር፣ ስኬልና የቦታ ማጣቀሻ፣ የስሕተቱንም መጠን ከሥሩ ጻፉ። በየወረዳው ለምትሠሩ ደግሞ፦ መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰ የካርታ ቅጠል ካለ፣ ቢሮ ሲቀየር ከቆሻሻ ጋር እንዳትጥሉት። ስካን አድርጉት፣ ዓመቱን ጻፉበት፣ በአቅራቢያችሁ ላለ ዩኒቨርሲቲ አስረክቡት። የጠፋ ውኃ በዝናብ ሊመለስ ይችላል፤ የተጣለ ካርታ ግን አይመለስም።